ከአይዞሽ በኋላ

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ከግቢው ውጭ ግን ስሟ «እመት መርፌ» ነው። ስሙን ያወጡላት ልጆች ሳይሆኑ እናቶቻቸው ናቸው። ምሳዬን አልበላም ያለ፣ ገላዬን አልታጠብም ያለ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር የተናከሰ ሁሉ «ቆይ ለእመት መርፌ ባልነግርብህ!» ይባላል። ሃያ ሰባት ዓመት ወደ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ፣ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች ኳሳቸውን ትተው አጥር ይጠጋሉ፤ ትንንሾቹ መዳፋቸውን ታፋቸው ላይ ይለጥፋሉ። መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። ከዚያ ለመደችው። በመጨረሻ ማየቱንም ተወችው።

እጇ ቀላል ነው ይባልላታል። የክትባት ቀን ሰኞና ሐሙስ ሲሆን ሰልፉ ከጠዋት ጀምሮ ከኮሪደሩ አልፎ እስከ ውሃ ቧንቧው ይደርሳል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የበረዶ ሳጥን፣ መርፌዎቹ ለልጅ ዓይን እንዳይታዩ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ። እናትየዋ ልጁን በጎን ትታቀፈዋለች፤ አንድ እጁን በብብቷ ስር ታስገባለች፤ እግሮቹን በጭኖቿ መሃል ትይዛለች። ሲስተር የታፋውን ሥጋ በግራ እጇ ጨበጥ ታደርጋለች፣ በጥጥ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮው ትጠጋለች። «አይዞህ» ትለዋለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይረዝማል። ከዚያ ትወጋዋለች። ከቃሉ እስከ መርፌው አንድ ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው።

ይህን ያስተማረቻት ሥራ በጀመረችበት ዓመት የነበረች አለቃዋ ናት። «በዝምታ የሚነክስ ውሻ ብቻ ነው» ብላት ነበር። «አንቺ ሰው ነሽ፤ አስቀድመሽ አይዞህ በዪው።» ሲስተር ምክሩን አንድም ቀን አልዘነጋችውም። ከእሷ በኋላ ለመጡትም ሁሉ እንዲሁ አስተማረቻቸው።

ሲስተር አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ልጇ ባሏ ከሞተባት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሩቅ ከተማ ያለ የልብስ ፋብሪካ ለሁለት ዓመት ሊቀጥራት ተስማማ፤ ማደሪያም ይሰጣል፤ ማደሪያው ግን ልጅ አይፈቅድም። የአራት ዓመት ልጇን፣ ከጉንጯ የተነሳ ሁሉም «ድንቡሼ» የሚላትን፣ የምታስቀምጥበት ሁለት ቦታ ነበራት። አንዱ እናቷ ዘንድ ነው። ሌላው የድንቡሼ አባት ታላቅ እህት ዘንድ ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል።

ሻንጣዋን ይዛ በመጣች ዕለት ነገሩን በግልጽ ተናገረችው።

«አራት ሳምንት አለኝ እማዬ። ከለመደችሽ ካንቺ ጋር ትቆያለች። ካልለመደችሽ አክስቷ ዘንድ አደርሳታለሁ፤ መንገዴም በዚያው ነው።»

«የማትለምደኝ ምን ሆና ነው? አያቷ አይደለሁም?»

ልጇ በአገጯ ወደ ኋላዋ ጠቆመች። ድንቡሼ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና በአንድ ዓይኗ ታያለች።

ሲስተር አክስትየዋን ታውቃታለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ልጅ ግን አልወለደችም፤ ሁለት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ መልሳ የምትሰጥ ሰው አይደለችም። ድንቡሼ ወደዚያ ከሄደች ሄደች ማለት ነው። ሲስተር ባሏ ካረፈ ወዲህ ሁለቱን ክፍሎች ብቻዋን ነው የምትኖርባቸው፤ አንደኛውን በር ከፍታው አታውቅም ነበር። ያን ሰሞን ከፈተችው፣ ጠረገችው፣ ትንሽ አልጋ አስገባችበት።

በሁለተኛው ቀን ድንቡሼ ደጃፉ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ የሚወጣውን ደም በመገረም ታየው ነበር። ሲስተር ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ! አይዞሽ!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና እሪ አለች። በተላጠ ጉልበቷ እየዳኸች ገብታ አልጋ ስር ተወሸቀች። እናቷ በሆዷ ተኝታ፣ ለምና፣ ሳብ አድርጋ እስክታወጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

«ምን አደረግኋት?» አለች ሲስተር፣ የቁስል ማሰሪያውን እንደያዘች።

«ምንም አላደረግሻትም። ልታደርጊያት ነው ብላ ነው።»

ነገሩ ሥር አለው። ድንቡሼ ከተወለደች ጀምሮ እናቷ ወደዚሁ እያመጣቻት የክትባት መርፌዋን ሁሉ የወጋቻት አያቷ ናት። አምና ለጥየቃ መጥታ ሳንባዋን ሲያማት የታዘዘላትን የአሥር ቀን መርፌም ጠዋትና ማታ የወጋቻት እሷው ናት። «እኔ እያለሁ በሌላ ሰው እጅ?» ብላ፣ ማንንም አላስጠጋችም። ሃያ መርፌ፤ ከእያንዳንዱ በፊት አንድ አይዞሽ።

ሲስተር በመጀመሪያ ጥፋቱን የጣለችው ጋወኗ ላይ ነው። ነጩን ጋወን ጤና ጣቢያው ሰቅላ መምጣት ጀመረች። ለውጥ የለም። የአልኮሉ ሽታ ይሆናል ብላ እጇን በሎሚ ፈትጋ ታጠበች። ለውጥ የለም። መነጽሯን አወለቀችና ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨች፤ ድንቡሼ በዚህ ስቃለች፣ ግን ከሩቅ ሆና ነው። አንዳንዴ ደህና ትውላለች፤ አያትየዋ የምትሠራበትን የሹራብ ክር ኳስ አድርጋ ትጫወትበታለች። ከዚያ በማይታወቅ ምክንያት፣ ገና ሲስተር አፏን ከመክፈቷ፣ ልጅቷ አልጋ ስር ናት።

ምክንያቱ የታወቀው ሐሙስ ዕለት ነው።

የዘጠኝ ወር ልጅ ቀረበላት። ደስተኛ ልጅ ነበር፤ የጋወኗን ቁልፍ ይዞ ሊበላው ይታገላል። ስለዚህ ጋወኑን አልፈራም። ጨርቁ ተንሸራቶ ትሪው ግማሽ ተገልጦ ነበር፤ አየው፣ ተወው። ታፋውን በጥጥ ጠረገችለት፤ ብርዱ ገርሞት ጥጡን ተመለከተ። ጎንበስ አለችና «አይዞህ» አለችው። የልጁ አገጭ ተንቀጠቀጠ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፈተ፣ ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞላው። መርፌው ገና አየር ላይ ነበር።

«አልወጋሁትም እኮ» አለች።

«ያውቅዎታላ ሲስተር!» አለች እናቱ እየሳቀች።

በሩ ላይ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከሲስተር ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረች ናት፤ አፏ አያርፍም።

«የሚያውቀው እሷን አይደለም፣ አይዞህን ነው» አለች። «ልጁማ ምን ያድርግ! እኔ በዚህ እርጅናዬ፣ እሷ አይዞህ ስትል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ቂጤን ይሸፍናል። ያኔ አምስት ቀን ወግታኝ የለ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሲስተር አልሳቀችም። ልጁን ወጋችው፤ ከዚያ «ቀጣይ» አለች።

ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ከቁም ሣጥኑ ታች የተማሪነት ደብተሮቿን አወጣች። ሰላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ከደም ዝውውርና ከቁስል አጠባበቅ መሃል የስድስት ሳምንት የሥነ ልቦና ትምህርት ነበር። አስተማሪያቸው ሁልጊዜ እጅጌው ጠመኔ የነካው ከሲታ ሰው ነበር፤ ትምህርቱን የጀመረው በተረት ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «ልጡ ምን አጠፋ? ምንም። ጥፋቱ ከእባቡ ጋር መመሳሰሉ ነው። ሰውነት ዳኛ አይደለም፤ ማስረጃ አይሰማም። ሁለት ነገር ተከታትሎ ከመጣ፣ ፊተኛው የኋለኛውን ይጠራል ብሎ ይመዘግባል። በተለይ በመሃላቸው ያለው ጊዜ አጭር ከሆነ።» ከዚህ ስር እሷ በቀይ እስክሪብቶ አስምራለች፤ ለፈተና ይመጣል ተብሎ ነበር። መጥቷል። ከሃያ አሥራ ስምንት አግኝታለች።

በገጹ ግርጌ ሌላ ነገር ጽፋ ነበር። «ልጡን ብቻውን፣ ያለ እባብ፣ ደጋግሞ ያየ ሰው ቀስ በቀስ መደንገጡን ይተዋል። ከልጡ በኋላ የሚጣፍጥ ነገር ቢያገኝ ደግሞ ይፈጥናል። ግን ልብ በሉ፤ ፍርሃቱ ተኛ እንጂ አልሞተም። ለመቀስቀስ አንድ እባብ ይበቃዋል።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አላሰመረችባቸውም።

«ልጅን እንደ ውሻ ልታሠለጥኚ ነው?» አለች ልጇ፣ ዕቅዱን ስትሰማ።

«ማሠልጠኑንማ ጨርሻለሁ። አሁን የምሞክረው ማስረሳት ነው።»

ልጇ ሳቀች። ከዚያ የግራ ክንዷን በቀኝ እጇ እያሻሸች «እኔም እኮ አለብኝ» አለች። «ባሌ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ እየመጣ አይዞሽ፣ አይዞሽ ሲለኝ፣ ይቺ ልጅ ሳለሁ ትወጊያት የነበረችው ክንዴ ስትጠብቅና ስታመኝ ትውል ነበር። ሐዘን ነው ብዬ ነበር።»

ሲስተር ይህን ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም። ሌላውን ሁሉ ግን ጻፈች። ድንቡሼ ብርቱካን ትወዳለች። ስለዚህ አያትየዋ ከክፍሉ ጥግ፣ ባዶ እጇን ዘርግታ እያሳየች፣ «አይዞሽ» ትላለች፤ ወዲያው እናትየዋ አንድ ፍንካች ብርቱካን ትሰጣታለች። በቀን አራት ጊዜ። ከጀመሩ በአራተኛው ቀን ልጅቷ ከእናቷ ጉያ ሆና ቃሉን ሰምታ አላለቀሰችም። በሰባተኛው ቀን ሲስተር በሦስት እርምጃ ቀረበች። በዘጠነኛው ቀን ድንቡሼ ጮኸች፤ ጎረቤት አንድ ነገር ጥሎ ነበርና ድምጹ አስደንግጧት ይሆናል፤ ሲስተር «ጥርጣሬ» ብላ መዘገበች፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ጀመረች።

ከባዱ ቤቷ ሳይሆን ጤና ጣቢያው ነበር። ለሌሎቹም ልጆች ቃሉን ላለማለት ወስና ነበር። ሰኞ ዕለት የመጀመሪያውን ልጅ ታፋ ይዛ፣ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ አፏን ገጥማ ልትወጋ ስትል እጇ አልሄደም። መርፌው ቆዳው ላይ ደርሶ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመት ቃሉ ሲወጣ የሚወርድ እጅ፣ ቃሉ ሳይወጣ እንዴት እንደሚወርድ አያውቅም። እንደምንም ገፋችው፤ ጠማማ ገባ፤ ደም ወጣ።

«ምነው ሲስተር፣ ዛሬ አኮረፉ?» አለች እናትየዋ። «አይዞህ እንኳን አይሉትም? እኔን ልጅ ሆኜ ሲወጉኝ ይሉኝ አልነበር?»

ጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!» ብላ ጮኸች። በሦስተኛው ልጅ ላይ ቃሉ ራሱ አምልጦ ወጣ። እጇም ቀጥ ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ አልታገለችም። ሰልፉ እስከ ውሃ ቧንቧው ነበር።

ቤት ግን ይሠራ ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን ድንቡሼ ብርቱካኑን ከአያቷ እጅ ተቀበለች። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሳትጠራ መጥታ ጭኗ ላይ ወጣች። ሲስተር ትንፋሿን ሰብስባ፣ እንደ ሁልጊዜው ዝግ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት። የልጅቷ ትከሻ ከፍ አለ። ከዚያ ዝቅ አለ። እጇን ዘርግታ «ብርቱካኔስ?» አለች።

«እማማ፣ ፍሬውን አውጪልኝ» አለች ደግሞ። እማማ ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ያን ዕለት ልጇ ትኬቷን ቆረጠች። ለአንድ ሰው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ድንቡሼ ትኩሳት ይዟት ተነሳች። እስከ ምሳ ሰዓት የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች በያንዳንዱ ትንፋሽ ይከፈቱና ይዘጉ ጀመር። ሲስተር ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልጋትም፤ የአምናው ሳንባ ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ሽሮፕ ሰጣት፤ አስመለሰችው። ደገመላት፤ አስመለሰችው። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ሲስተርን ሳያይ «መርፌ ነው እንግዲህ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን» አለ።

«በአፍ የሚሰጥ ሌላ...»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትጠይቂኝ?»

እሱም ልክ ነው። ሲስተር አልተከራከረችም። ግን እሷ አትወጋትም። ከማዋለጃ ክፍሉ አዋላጇን ጠራቻት፤ ከስድስት ዓመት በፊት ገና ጀማሪ ሆና መጥታ በሲስተር እጅ የሠለጠነች ፈጣንና ደግ ልጅ ናት። ኮሪደር ላይ ይዛ አንድ በአንድ ነገረቻት። ጋወንሽን አውልቂ። ትሪው ከኋላዋ ይሁን። መርፌውን አታሳዪያት። እኔ እዚህ ውጭ እቆያለሁ፤ መኖሬን እንዳታውቅ። አዋላጇ ሁሉንም ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች። ሲስተር አንድ ነገር አልነገረቻትም፤ ቃሉን ለእሷም እንዳስተማረቻት በዚያ ጭንቀት ትዝ አላላትም፤ የራሷ ብቻ መስሏት ነበር።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከውስጥ የእናትየዋ ድምጽ፣ የወንበር መንቀሳቀስ፣ የጥጥ ጠርሙስ ክዳን። ድንቡሼ ስለ አንድ ወፍ እያወራች ነበር። ከዚያ፣ ዝግ ባለ ድምጽ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ እየረዘመ፣ የሲስተር የራሷ ቃል በሌላ ሰው አፍ መጣ።

«አይዞሽ።»

አንድ ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው።

ጩኸቱ ሲያልፍ አዋላጇ ወጣች፤ ፊቷ ፈክቷል። «እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት ሲስተር። ጋወን የለ፣ መርፌም አላየች።»

«አይዞሽ አልሻት።»

«እንዴታ! በዝምታ የሚነክስ ውሻ ብቻ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

ሲስተር ቆጠረች። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ በእጇ ያለፉ ጀማሪዎች፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የሄዱት፣ ሌላ ያስተማሩት። መቁጠሩን መሃል ላይ ተወችው። «ደህና ነው» አለች። «ማታ ስትመጣ በዝምታ ውጊያት።» አዋላጇ ማታ በዝምታ ወጋቻት። ልዩነት አልነበረውም፤ ልጅቷ ገና ከበሩ ጀምራ ነበር የምትጮኸው።

በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ። ሲስተር ብርቱካን ይዛ ቤት ወደ ልጅቷ ክፍል ሄደች። አልተጠጋችም፤ በሩ ላይ ቆማ ብርቱካኑን ብቻ አሳየቻት፤ ቃልም አልተናገረችም። ድንቡሼ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ብርቱካኑን አየችው። እጇ ቀስ ብሎ ከብርድ ልብሱ ወጣና ታፋዋ ላይ አረፈ።

«አልፈልግም» አለች። «ብርቱካን አልፈልግም እማማ፣ ወደዚያ አድርጊው።»

ሲስተር ብርቱካኑን ኋላዋ ደበቀችው። ቃሉን በብርቱካን አጥባለሁ ብላ ብርቱካኑን በቃሉ አቆሽሻዋለች። ይህኛውም ደብተሩ ውስጥ ነበረ፤ ሌላ ገጽ ላይ፣ ያልተሰመረበት። ወጥ ቤት ገብታ ላጠችውና ብቻዋን ቆማ በላችው። ጣፋጭ ነበር።

ልጇ ሁለተኛውን ትኬት ስትቆርጥ አልተማከሩም። የተነጋገሩት ስለ ልብስ ነው፤ የትኛው ሹራብ ይሞቃል፣ መድኃኒቱ በየትኛው ቦርሳ ይሁን። ሲስተር የድንቡሼን የክትባት ካርድ በንጹሕ ፖስታ አድርጋ ሰጠቻት፤ ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል፤ በሁሉም ላይ የእሷ ፊርማ አለ።

አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሰው ይገፋፋ ነበር። ድንቡሼ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና አሁንም በአንድ ዓይኗ ታያለች። ሲስተር ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ በዚያ ርቀት ልጅቷ ዝም እንደምትል ታውቃለች፤ ለክታለችው። የልጇ ዓይን እንባ ሞላ። የሲስተር አፍ ተከፈተ። እናት በእንዲህ ያለ ሰዓት ለልጇ የምትለው አንድ ቃል ነው፤ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። አፏን መልሳ ገጠመች። ሌላ ቃል ፈለገች። «በሰላም ግቡ» የሚለው ለመንገደኛ ሁሉ ይባላል። «ጻፊልኝ» አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ እንደ ቢሮ ሰው ሆነ።

ልጇ የእናቷ ዓይን መሬት ላይ ማረፉን አየች። «አይዞሽ እማዬ» አለቻት።

ድንቡሼ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። የእናትየዋ ግራ ክንድ፣ ልጅቷን የያዘው፣ ጠበቅ አለ። ሲስተር ሁለቱንም አየች። ዓይኗ ይህን ማየት አሁን ተምሯልና ላለማየት አልቻለችም። አውቶቡሱ ሲሄድ እጇን አላውለበለበችም፤ ምን እንደሚያስታውሳቸው እርግጠኛ አልነበረችም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። በመንገዱ ላይ ልጆች አጥር ተጠጉላት። ጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ስታያት የሚያስቅ ነገር ልትናገር ነበር፤ ፊቷን አይታ ተወችው፤ መወልወያዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ሲስተር ጋወኗን ለበሰች። በረዶውን አየች፣ ጨርቁን ትሪው ላይ አስተካከለች።

የመጀመሪያው የስድስት ሳምንት ልጅ ነበር። እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ናት፤ እንዴት እንደምትይዘው ሲስተር አሳየቻት። ታፋውን ጨበጥ አደረገች፣ ጠረገች፣ ጎንበስ አለች። ዝም ለማለት አሰበች። እጇ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«አይዞህ» አለችው።

ልጁ ገና ምንም አያውቅም። ድምጿን ሰምቶ ጭንቅላቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ዓይኖቹ ፊቷን ፈልገው አገኙት፤ ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ አለላት።

«እዩት፣ ወደድዎት!» አለች እናቱ።

ፈገግታው ሳይከደን ወጋችው። ከዚያ «ቀጣይ» አለች።